ጽዋው ከውዱ ቤት አይውጣ

ጎንደር፣ ቁስቋም
ኅዳር ፳፭ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለተክለ ጊዮርጊስ፣
ቤልግሬድ

እኔ የማላውቀውን አገር የምታውቅ እመቤቴ መውጫ መግቢያህን ትጠብቅልኝ። እኛ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነን። ጉልበቴም ብርዱ ሲያልፍ ይሻለዋል፤ እሱን ተወው።

ደብዳቤህ ደረሰኝ። «ተክሌ» ብለህ ፈርመህ አየሁ። ጊዮርጊስን የት ጣልከው? ወረቀት ለመቆጠብ ከሆነ ግድ የለም፣ ሌላ ምክንያት ካለው ግን ክርስትና ያነሡህ አባት ሳይሰሙ ብትመልሰው ይሻላል።

«የገበሬውን ትግል በዝርዝር ይጻፉልኝ» ብለሃል። ትግል ካልከው ይኸውልህ። የጠዳውን ውዱን ታውቀዋለህ፤ በእናትህ ወገን የሚዛመደን፣ በልጅነትህ በበቅሎ አፈናጥጦ አዘዞ ድረስ የሚሸኝህ። የሚያርሰው መሬት የደብር ነው። የደብሩን ስም አልጽፍም፤ ታቦቱ ምን አደረገ። አባቱም አያቱም ለዚያው ደብር እየገበሩ ያረሱት ነው። አሁን የደብሩ አለቃ፣ አለቃ ወልደ ዮሐንስ፣ መሬቱን በሙሉ ትራክተር ላለው ነጋዴ በኮንትራት ሰጡት፤ ኑግ ሊዘራበት። አሥር ቤተሰብ ይልቀቅ ተባለ። መጀመሪያ የሚፈርሰው የውዱ ቤት ነው፤ ከመንገዱ አፍ ላይ ስለሆነ ትራክተሩ የሚገባው በእሱ በኩል ነው። እሱ ካልተነሣ ሌሎቹን መንካት አይችሉም።

እንግዲህ ልብ በል። አለቃው ካህን ናቸው። እኔ መነኩሲት ነኝ። ውዱ ደግሞ ረቡዕና ዓርብን የማይሽር ገበሬ ነው። አንተ በደብዳቤህ «ሃይማኖተኛው የጨቋኙ ወገን ነው» ብለህ ጠቅልለህ ጻፍክ። ከሦስታችን የትኛችንን ማለትህ ነው? ተራማጆች ነን ትላላችሁ፤ ጠዳ ድረስ በዚህ ጉልበቴ የምራመደው ግን እኔ ነኝ። አናደድከኝ፣ እውነቱን ልንገርህ።

የማርያም ማኅበራችንን አልረሳኸውም ብዬ አስባለሁ። በየወሩ በሃያ አንድ እንሰበሰባለን፤ ጽዋው ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፣ የተረከበው ሰው እስከሚቀጥለው ወር ከቤቱ ያኖረዋል። የኅዳር ተራ የባንቺአየሁ ነበር። «ለውዱ ልቀቂለት» አልኳት። ጠላዋን ጠምቃ ድፎዋን ጋግራ ነበርና ተቆጣች፤ ቢሆንም ለቀቀች። ጽዋውን በነጭ ነጠላ ሸፍነን እልል እያልን ውዱ ቤት አስገባነው።

በማግሥቱ የአለቃው ነጭ ለባሾች መጥረቢያ ይዘው መጡ። የውዱ ሚስት ታየች በሩን ከፍታ «ግቡ፣ ጽዋው እዚያ ነው፣ ተሳለሙ» አለቻቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ተሳለሙ፤ ከዳቦው ቀመሱና ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አልመጡም።

ከአሥሩ ቤተሰብ ሁለቱ እስላሞች ናቸው። ሁሴን የሚባለው በማኅበራችን ቀን ከውዱ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይውላል። አይጠጣም፣ አይበላም። «እኔ ደጁን እይዛለሁ፣ እናንተ ውስጡን ያዙ» ይላል።

የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ጽዋ ለጊዜው እንጂ ለሁልጊዜ አይሆንም። አዲስ አበባ ባሉት ጓደኞችህ በኩል አለቃ የማይፈራ ጠበቃ ፈልግልን። እዚህ ያሉት የአለቃው የንስሐ ልጆች ናቸው።

አክስትህ እማሆይ ለተ ማርያም

———

ቤልግሬድ
ጥር 12 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለእማሆይ ለተ ማርያም

ከልብ የመነጨ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዬን ለጠየቁኝ፣ ከብርዱ በቀር ደህና ነኝ። እዚህ በረዶው ከጉልበት በላይ ሆኗል፤ የጉልበትዎን ነገር ሳነብ የራሴም አብሮ ታመመ። መልሴ የዘገየው ለተማሪዎች ማኅበራችን ጉባኤ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ስለነበር ነው። ርእሱ የሃይማኖት ድርጅቶችና የመሬት ጥያቄ ይላል። የእርስዎ ደብዳቤ እጅግ ጠቅሞኛል።

ስለ ጠበቃው አስቤበታለሁ። ፋንታሁን የሚባል የልብ ጓደኛዬ ዘንድሮ ለዩኒቨርሲቲ አገልግሎት እዚያው ጠዳ አጠገብ ተመድቦ ያስተምራል። ጽፌለታለሁ፤ ጠበቃም ያመጣል፣ ገበሬውንም ያደራጃል። እንደ ልጅዎ ይቀበሉት።

ስለ ጽዋው ግን እውነቱን ልናገር። ሳነበው ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ አዘንኩ። ነጭ ለባሹ የተመለሰው ውዱ መብት ስላለው አይደለም፣ ስለፈራ ነው። በፍርሃት የተረፈ ሰው ነጻ ወጣ አይባልም። ያው ፍርሃት ነው አለቃውንም አለቃ ያደረገው። ደግሞስ ሁሴን ለምን ከደጅ ይቀመጣል? አብሮ የሚራብ፣ አብሮ የሚፈናቀል ሰው ውጭ ድንጋይ ላይ፣ ሌላው ውስጥ፤ ይህ አያሳፍርም?

ኮሚቴ ያስፈልጋችኋል፤ ክርስቲያኑም እስላሙም እኩል የሚቀመጥበት። አማኝ ከእኛ ጋር መቆም አይችልም አላልኩም። እምነቱን ከደጅ አስቀምጦ ከገባ ማንም አይከለክለውም።

ስሜን በተመለከተ፣ እዚህ ሁሉም በአጭሩ ነው የሚጠራው። ሌላ ነገር አይፈልጉበት።

አክባሪዎ
ተክሌ

———

ጎንደር፣ ቁስቋም
የካቲት ፫ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ለተክለ ጊዮርጊስ

ከበረዶውም ከክፉ ሐሳብም ያውጣህ። የላክሁልህን የሱፍ ካልሲ የጭነት ማኪና ነጂው አዲስ አበባ ድረስ ወስዶልኛል፤ ከዚያ ወዲያ እግዚአብሔር ያውቃል።

ፋንታሁን መጣ። ልጁ ሸጋ ነው፣ አልዋሽህም። ጠበቃውን ከአዲስ አበባ በደብዳቤ አስመጣ፤ ጠበቃውም ክሱን አስገብቶ ለመጋቢት ፳፭ ቀጠሮ ተሰጠን። ፋንታሁን ለገበሬዎቹ ማታ ማታ ፊደል ያስቆጥራል፤ ለታየች እንጨት ይፈልጣል። ክፋት የለበትም። ሞኝነቱ ግን መጠን የለውም። ረቡዕ ቀን አዘዞ ጥብስ በልቶ፣ ጠረኑ ሳይለቀው ውዱ ቤት ገብቶ ስለ አንድነት ያስተምራል። ታየች አፍንጫዋን ይዛ ወጣች። እሱ ደግሞ ንግግሬ ከበዳት ብሎ ደገመላት።

አንድ ቀን «አያ ውዱ፣ ማርያም እኮ ሕግ አታውቅም» አለው።

ውዱም «ምነው? ከሕግ አዋቂዎቹ ማን መጥቶ ደጄን ጠበቀልኝ?» አለው።

ጠበቃው የነገረንን ስማ፤ ጉዳዩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ዳኛው የሚያየው በቀጠሮው ቀን ቤቱ ቆሞ፣ ውዱ ውስጡ ኖሮ፣ እርሻው በእጁ መሆኑን ነው። ይዞታ ይለዋል። ይዞታው ካልተነካ አለቃው ራሳቸው ከሳሽ ሆነው መከራከር አለባቸው፤ ያ ደግሞ ዓመታት ይፈጃል። ቤቱ ከፈረሰ ግን ማስረጃ ፍለጋ የምንዞረው እኛ ነን። ስለዚህ ማኅበሩ ተመካክሮ እስከ ቀጠሮው ድረስ ጽዋው ከውዱ ቤት እንዳይወጣ ቆረጠ። ተረኞቹ ሁሉ ድግሳቸውን ተሸክመው እዚያው እየመጡ ያወጣሉ። አለቃው ሰምተው ተንጨረጨሩ። እናውግዝ ቢሉ የማርያምን ማኅበር በምን አፋቸው ያወግዛሉ?

ፋንታሁን ግን ጽዋው ይውጣ እያለ ይነዘንዛል። ኮሚቴው ጽዋ ባለበት ቤት መሰብሰብ የለበትም፣ እስላሞቹ ይገለላሉ ይላል። ሁሴንን ራሱን ጠየቅሁት። «እኔ ቅር ያለኝ ድንጋዩ ስለሚቆረቁረኝ ነው። አጎዛ ስጡኝ» አለኝ። አጎዛ ሰጠነው።

እምነታችሁን ከደጅ አስቀምጣችሁ ግቡ ብለሃል። ተክለ ጊዮርጊስ፣ እኔ ያለ እሱ ጠዳ ምን ወሰደኝ? መሬት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፣ የሚፈርስብኝ ቤት የለኝ። «የድኻውን ጩኸት ላለመስማት ጆሮውን የሚደፍን» የሚለውን ማታ ስደግም ነው ጠዋት መቋሚያዬን ያነሣሁት። እሱን ከደጅ ብተወው እኔም ከደጅ እቀራለሁ፤ ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው አይኖርም። ይኼ ይኼን ያህል የሚከብድ ነገር ነው?

ለፋንታሁን እኔ ብነግረው እንደ አሮጊት ወሬ ነው የሚሰማኝ። አንተን ይሰማሃል። እስከ መጋቢት ፳፭ ጽዋውን እንዳይነካ ጻፍለት። ሌላ አልለምንህም።

አክስትህ እማሆይ ለተ ማርያም

———

ቤልግሬድ
መጋቢት 1 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጉባኤው ስላለ ባጭሩ ነው የምጽፈው። ካልሲው አልደረሰም።

ለፋንታሁን ጽፌለታለሁ።

በጉባኤያችን አማኞች በአባልነት ይግቡ ወይስ አይግቡ የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ተከራክረን አይግቡ በሚል በድምፅ ብልጫ ተወሰነ። ከእርስዎ መደበቅ አልወድም፤ እኔም እጄን ከአይግቡ ጋር ነው ያነሣሁት። በግል እርስዎን የሚመለከት አይደለም።

ለጽሑፌ ያ ደብር በጠዳና በአካባቢው ስንት ጋሻ መሬት እንዳለው፣ ከገበሬው በዓመት ምን ያህል እህል እንደሚገባለት ቢያጣሩልኝ ትልቅ ውለታ ነው። በቶሎ ቢሆን።

ተክሌ

———

ጎንደር፣ ቁስቋም
መጋቢት ፳፰ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ተክለ ጊዮርጊስ

ሰላም ላንተ ይሁን። ዛሬ ከዚህ የረዘመ ምርቃት ከአፌ አይወጣም።

የውዱ ቤት ፈረሰ።

ፈረንጅ አገር ተቀምጠህ እንዴት እንደፈረሰ ለጽሑፍህ ትፈልገዋለህና ልንገርህ። እኔ ሱባኤ ገብቼ ነበር። ሱባኤውን ትቼ እስከ ቀጠሮው እዚያው ጠዳ መቅረት ነበረብኝ፤ ይኼ የእኔ ጥፋት ነው፣ ከአንተ ጋር አልካፈለውም። የማርያም ዕለት ፋንታሁን ስብሰባው ትምህርት ቤት ይሁን አለ። ሁሉም በአንድ አግዳሚ ላይ እኩል ይቀመጣል፣ ሁሴንም እንደ ሰው ውስጥ ይገባል አለ። ወጣቶቹ ተስማሙ። ውዱ አልወደደም፤ ነገር ግን ጠበቃ ያመጣለትን ልጅ እምቢ ማለት አፈረ።

ከዚያ ፋንታሁን ራሱ ውዱ ቤት ሄዶ ጽዋውን አነሣ። ታየች ምድጃ ላይ ሽሮ ጥዳ ነበር። «ምነው ልጄ፣ ወዴት ነው የምትወስዳት?» አለችው። «ወደ ቦታዋ፣ ከቄሱ ቤት» አላት። ከማኅበሩ ቄስ ከገብረ ሚካኤል ቤት አደረሰና ወደ ስብሰባው ሮጠ። እነሱ እዚያ እጅ እያወጡ ሊቀ መንበር ሲመርጡ፣ ነጭ ለባሾቹ ከነትራክተሩ መጡ። ደጁ ላይ ሁሴን የለ፤ ውስጥ ጽዋው የለ። ታየችን ከነሽሮዋ አወጧት። ክዳኑን በመጥረቢያ፣ ግድግዳውን በትራክተር። ድምፁን ሰምተው ሲደርሱ ማሳው ግማሽ ታርሶ ነበር።

በቀጠሮው ቀን አለቃው ቀርበው ምን አሉ መሰለህ? «ውዱ በፈቃዱ ለቆ ሄዷል። ያፈረስነው ባዶ ቤት ነው። ጽዋውን እንኳ አስቀድመው አውጥተዋል፤ ሰው የሚኖርበት ቤት ቢሆን ለምን ያወጣሉ?» አሉ። ዳኛው ይኼን ጻፈው። ዘጠኙ ጎረቤቶች ይመስክሩ ቢባል፣ ባለጉዳዮች ናችሁና አይሆንም ተባሉ። ቄስ ገብረ ሚካኤል አለቃውን ፈርቶ አላየሁም አለ። ያን ቀን ምድጃው ሲነድ፣ ታየች ቤቷ ስትኖር ያየ ሌላ ሰው ፋንታሁን ብቻ ነው። ለግንቦት ፳ ቅረብና መስክር ተባለ።

ልጁ ቁስቋም ድረስ መጥቶ ከደጄ ተቀምጦ አለቀሰ። ማን አዘዘህ ብዬ አልጠየቅሁትም፤ ራሱ ነገረኝ። «ተክሌ ጽዋው ይውጣ ብሎ ጻፈልኝ» አለ። ለእኔ ደግሞ «ለፋንታሁን ጽፌለታለሁ» ብለህ ዝም! እኔ ሞኟ እንደለመንኩህ የጻፍክ መስሎኝ ሻማ አበራሁልህ። መዋሸት እንኳ አልቻልክም፤ በግማሽ እውነት ነው ያታለልከኝ።

አሁን ሌላ ጣጣ መጥቷል። ምስክር ከመናገሩ በፊት በወንጌል ይምላል። ፋንታሁን «አላምንበትም፣ እንዴት እምላለሁ?» ይላል። ማል ብዬ ልለምነው? በማያምንበት መጽሐፍ ላይ እጁን ጭኖ ቢምል ለእኔ ከሐሰት መሐላ ምን ይለየዋል? አትማል ልበለው? ውዱ ሜዳ ላይ ይቅር? እሱና ታየች አሁን ሁሴን ቤት ተጠግተዋል። ክረምት ደግሞ እየመጣ ነው።

አእምሮ ያለው መልስ ስጠኝ። የጋሻውን ቁጥር አላጣራሁልህም።

ለተ ማርያም

———

ቤልግሬድ
ሚያዝያ 22 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረስዎ። ይኼን የምለው እርስዎን ደስ ይበልዎ ብዬ ነው።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። የውዱ ነገር አሳዝኖኛል፤ ግን እኔም ተበሳጭቻለሁ። ቤቱን ያፈረስኩት እኔ ነኝ እንዴ? ያፈረሱት አለቃው ናቸው። ትራክተሩ የነጋዴው ነው። መጥረቢያውን የያዙት ያን ጊዜ ጽዋውን የተሳለሙት ነጭ ለባሾች ናቸው። እናንተ ግን አለቃውን ትታችሁ ጥፋቱን ሁሉ ጽዋ ላወጣ ልጅ ሰጣችሁት። ሁሌም እንዲህ ነው፤ ካህን ሲበድል ሰው ይረሳል፣ ተማሪ ሲሳሳት ግን ሁሉም ያስታውሳል።

ደግሞ ይህን ይመልሱልኝ። ጽዋ የክርስቲያን ቤት ይጠብቃል እንበል። ነገ አለቃው የሁሴንን ቤት አፍርሱ ቢሉ ጽዋውን የት ያስገቡታል? እኔ የጠየቅሁት ይኼንኑ ነበር። መልስ አልሰጡኝም፤ አጎዛ ሰጡት።

በግማሽ እውነት አታለልከኝ ላሉት፣ ልክ ነዎት። በግልጽ ብጽፍልዎ ስለሚከለክሉት ነው ያልነገርኩዎ።

ስለ መሐላው ይኼን ያህል መጨነቅ አያስፈልግም። መጽሐፉ ወረቀት ነው፣ መሐላው ቃል ነው። የአንድ ገበሬ ቤት ከዚያ ይበልጣል። ይማልና ይመስክር። ለፋንታሁንም እንዲሁ ብዬ ጽፌለታለሁ፤ አሁን ምን እንደጻፍኩ በግልጽ ነግሬዎታለሁ።

ካልሲው ደርሶኛል። አንደኛው ትንሽ ይጠባል።

ተክሌ

———

ጠዳ
ሰኔ ፪ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ

እግዚአብሔር ልቡና ይስጥህ፤ ለእኔም ትዕግሥት ይጨምርልኝ፣ ያለችኝ አልቃለችና።

ጽዋውን ሲሆን መርሕ ነው፣ ለአንድ ሳምንት እንኳ አይታገሥም። መሐላውን ሲሆን ወረቀት ነው፣ ይማልና ይለፍ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ያንተን ትምህርት መከተል አቃተኝ። ፋንታሁንም አቃተው። ደብዳቤህን ይዞ መጣና «እማሆይ፣ ልማል?» አለኝ።

ሌሊቱን አላንቀላፋሁም። ጠዋት «አንተ አምላክ የለም ካልክ በስሙ አትማል። እውነቱን ግን ተናገር፤ ዳኛው የፈለገውን ያድርግ» አልኩት። ይኼን ያልኩት እኔ ነኝ። አንተ አይደለህም።

ግንቦት ፳ ፍርድ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ጸሐፊው ወንጌሉን ዘረጋለት። ፋንታሁን እጁን ወደ ኋላው አድርጎ «ክቡር ዳኛ፣ እኔ በዚህ አላምንም። በማላምንበት ብምል ገና ሳልመሰክር ዋሸሁ ማለት ነው። ያየሁትን ግን ልናገር፤ ሐሰት ከሆነ እሰሩኝ» አለ። አዳራሹ ተንጫጫ። አለቃ ወልደ ዮሐንስ ሳቁ። አለቃው ሲስቁ እኔ ተነሣሁ። መነኩሴ አይምልም፣ የነፍስ አባቴም ንስሐ ሰጥተውኛል። «እኔ ስለ እሱ እምላለሁ፣ ልጁ አይዋሽም» ብዬ እጄን ወንጌሉ ላይ ጫንኩ።

ዳኛው «እማሆይ፣ በዕለቱ አይተዋል?» አለኝ።

«አላየሁም።»

መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «ያየው አያምንም፣ የሚያምኑት አላዩም» አለና መዝገቡን ዘጋው።

ደጅ ስንወጣ ውዱ አልጮኸም። ያን ሁሉ ወር አንድ ቀን ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፤ አሁንም ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው። «እሱም ንጹሕ፣ እርስዎም ንጹሕ። ሁለታችሁም እንደ ጸዳችሁ ቀራችሁ። እኔ ነኝ ከነታየች ጭቃ ላይ የቀረሁት» አለን። ታየች ክንዱን ይዛ «ተው» አለችው። ልክ ነው። ማልልኝ ብሎ ያልለመነው እኔ አትማል ስላልኩ ነው። ፋንታሁን እግሩ ላይ ሊወድቅ ሲል ውዱ ሸሽቶት ሄደ።

በማግሥቱ የአለቃው መልእክት መጣ። ሁሴን የተባረረ ሰው አስጠግቷልና ቀጣዩ እሱ ነው፤ ክረምቱ ሳይገባ ይልቀቅ የሚል ነው። አንተ የፈራኸው ደረሰ። ልክ ነበርክ፤ ይኼን አልክድህም። ጽዋው ሁሴን ቤት አይገባም። እኔም ይግባ ብዬ አልጠይቅም፣ እሱም ይግባ ቢባል አይፈቅድም፤ ደግሞ ትክክል ነው።

ስለዚህ እኔ ገባሁ።

አጎዛዬንና ዳዊቴን ይዤ መጥቼ ከበሩ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ቢጫ ቀሚሴና ቆቤ ከመንገዱ ይታያሉ። ነጭ ለባሾቹ ትናንት መጡ፤ መነኩሲት እስላም ቤት ደጃፍ ላይ ውዳሴ ማርያም ስትደግም ሲያዩ ምን እንደሚያደርጉ ጠፋቸው። አንዱ «እማሆይ፣ ምነው እዚህ?» አለኝ። «እንግድነት ነው፣ ስትገባ ተሳለም» አልኩት። ምኑን እንደሚሳለም ግራ ገብቶት ቆቤን ሲያይ ቆየና ተመለሰ። ነገ ግን ግራ የማይገባው ሰው ይልካሉ። መጎተቴ አይቀርም።

ፋንታሁን ከትምህርት ቤቱ ተሰናብቷል፤ እሱም እዚሁ ነው። ሌሊት ሌሊት ውዱ ከደጅ ይቆማል፣ እሱ ከጓሮ። አይነጋገሩም። ጠዋት እኔ ስጸልይ ፋንታሁን እስክጨርስ ይጠብቀኛል፤ ሁሴን ሲሰግድ ሁለታችንም እንጠብቀዋለን። አንዳንዴ ፋንታሁን እስኪያልቅ ሲቁነጠነጥ አይቼ እናደድበታለሁ። የሁሴን ሚስት ምግብ ስታቀርብ እኔ ቆሎዬን ከመሐረቤ አወጣለሁ፤ አይከፋትም፣ እሷም የእኛን ሥጋ በልታ አታውቅም። ይኼ ኮሚቴ ይሁን ማኅበር ስሙን አላወቅሁትም። እጅ ያነሣ የለም።

ከአሁን ወዲያ ጠበቃ ፈልግልኝ አልልህም፣ ምክርም አልጠይቅህም። ጽሑፍህን ስትጽፍ የሁሴንን ቤት ጻፈው፣ ስታነብላቸውም ቆቤን አትቁረጠው። መልስ ካለህ ደግሞ ቁስቋም ብለህ አትላክ፣ እዚያ ማንም የለም። ጠዳ፣ በሁሴን ደጅ ብለህ ጻፍ፤ ቤቱ ቆሞ ካገኘው ነጂው ያደርስልኛል።

አክስትህ እማሆይ ለተ ማርያም